ዘጠኝ ቀን አፌ ውስጥ ያደረ መልእክት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሌላ ሌላውን ሁሉ ተናዝዣለሁ፤ ጾም መግደፌን፣ በጎልማሳነቴ መጠጥ ማብዛቴን፣ ባለቤቴን ነፍሷን ይማርና በሆነ ባልሆነው መቆጣቴን። ይህችን ግን እስከ ጉሮሮዬ አምጥቼ መልሼ እውጣታለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። አሁን ይህን የምታነቡ ሰዎች ማን እንደሆናችሁ አላውቅም፤ ፊታችሁንም አላይም። ምናልባት ለእናንተ መናገር የቀለለኝ ለዚህ ይሆናል። መቅለሉ ራሱ ደግ ምልክት ይሁን አይሁን እንጃ።

ትምህርቴ ትንሽ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት፣ መጻፍ የለመድኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ነገሬ ቢንዛዛ ታገሡኝ። ስሜ ወርቁ ነው። ካዛንቺስ የሚያውቀኝ በጡሩምባዬ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ሆኜ ኖሬያለሁ። ሰው ሲሞት ሰፈሩን ዞሬ የምለፍፈው እኔ፣ ድንኳኑንና አግዳሚውን ከዕቃ ቤት የማወጣው እኔ፣ መርዶ ሲነገር ከሽማግሌዎቹ ጋር የምሄደው እኔ ነበርኩ። ከአገር ቤት የሞት ወሬ ይዞ የሚመጣ ሰው በቀጥታ ሐዘንተኛው ዘንድ አይገባም። እኔን ፈልጎ ይነግረኛል። ወሬው እኔ ዘንድ ያድርና ሲነጋጋ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ተሰብስበን ሄደን እናረዳለን። ደንቡ ይህ ነው። የሰው ሞት ከአንድ ሌሊት በላይ ይዤ አላውቅም ነበር። ከአንዱ በቀር።

ፕሮፌሰር አስናቀ ከሞቱ ዛሬ ሦስት ሳምንታቸው ነው።

ሰፈሩ ከተነሣ ወዲህ ጡሩምባ የለም። ዕድርተኛው ተበትኗል፤ አንዱ ላንቻ፣ ፕሮፌሰር ወሎ ሰፈር፣ አንዱ ከከተማ ወጣ ብሎ ኮንዶሚኒየም፣ እኔና ልጄ እዚህ ቂርቆስ ኪራይ ቤት። ሞት የሚለፈፈው በስልክ ነው። ጡሩምባዬ በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። እናም የእሳቸውን ሞት ከሁሉ በኋላ የሰማሁት እኔ ነኝ። ልጄ ትዕግሥት ሥራዋን አቋርጣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ መጣች።

«አባዬ፣ ጋሼ ትንሽ አሞታል። ተነሥ እንሂድ» አለችኝ፤ ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ስንት ሰው ደጅ ቆሜ ብዬዋለሁ! በኛ ዘንድ የሞተ ሰው ለዘመዱ መጀመሪያ ይታመማል፤ ሞቱ የሚነገረው ቀስ ተብሎ ነው። ተነሥቼ ጥቁሩን ኮቴን ስለብስ እጄ እጅጌውን አጣው። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ግን አንድ ነገር ለመንኩ። አንድ ጊዜ እንዲሁ «ታማለች» ተብዬ፣ ሞታለች ብዬ ፈርጄ፣ ሴትየዋ በሕይወት ተገኝታለች። ዛሬም እንደዚያ ይሁን፣ ዛሬም ተሳስቼ ላግኛቸው አልኩ። በምን ፊቴ እንደለመንኩ እንጃ። ወሎ ሰፈር ስንደርስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የሴቶቹ ጩኸት እስከ መንገድ ይሰማል። ከታክሲው ሳልወርድ ትዕግሥት አንገቴ ላይ ወደቀች።

አልታመሙም ነበር እኮ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ሲያነቡ፣ ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ፣ በቃ። በዋዜማው ደውለውልኝ «ወርቁ፣ እሑድ እንዳትቀር፤ ጥሩ ብርቱካን አግኝቻለሁ» ብለውኝ ነበር።

ማን እንደነበሩ ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አላገቡም፤ አልወለዱም። ካዛንቺስ፣ ከኛ በር ሦስት ቤት አለፍ ብሎ፣ አረንጓዴ የብረት በር ያለው ግቢ ነበራቸው። ያ በር ሰሌዳቸው ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን ጠመኔ ይዘው ይወጣሉ፤ የሰፈሩ ተማሪ በርጩማ በርጩማውን ይዞ ይሰበሰባል፤ በሩ ከላይ እስከ ታች በቁጥር ይነጣል። ዝናብ መጥቶ ሲያጥበው «እግዜር ሰሌዳ ጠረገልን፤ ቀጥሉ» ይላሉ። ተማሪ ሲሳሳት ግን በእጁ እንዲያጠፋ አይፈቅዱም። «አታጥፊው! ስሕተቱ ይታይ። ትክክሉን ከጎኑ ጻፊ።» ይህን ስንት ጊዜ ሰማሁ!

ድንኳን ሲተከልም ፕሮፌሰር ነኝ ብለው አይቀመጡም። ሱሪያቸውን ሰብስበው ካስማ ይመታሉ፤ ካስማው ሁልጊዜ ይጣመምባቸዋል። የዕድሩ ዳኛ አቶ ደምሴ «ፕሮፌሰር፣ ማዕዘኑን እርስዎ ይለኩልን፤ መዶሻውን ለወርቁ ይተዉለት» ሲላቸው እስኪያስላቸው ይሥቃሉ።

በዚህ ዓለም የቀረቻቸው ታላቅ እኅታቸው ጥሩነሽ ነበረች፤ ወሎ፣ ከወረኢሉ ማዶ የምትኖር። ወይዘሮ ማለት ሲገባኝ በስሟ ብቻ የምጠራት እሳቸው እንዲያ ስላስለመዱኝ ነው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ጥጥ ፈትላ ነው ያስተማረቻቸው። «እኔ ቁጥር የተማርኩት እታለም ልቃቂቷን ስትቆጥር ነው» ይሉ ነበር። እሳቸው «እታለም» ይሏታል፤ እሷ «አስኔ» ትላቸዋለች። አገሩ ያን ጊዜ ስልክ የለውም። ክረምት ሲወጣ ሄደው አይተዋት ይመጣሉ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። እየዞርኩ መሆኑን አውቄዋለሁ።

ትዕግሥት የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና የወሰደችው እናቷ በሞተችበት ዓመት ነበር፤ ወደቀች። ከዚያ ወዲያ ቁጥር ስታይ እጇ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ሆነች። ፕሮፌሰር ጡረታ የወጡት በዚያው ዓመት ነበርና «ለኔ ስጠኝ» አሉኝ። ዓመቱን ሙሉ ከአረንጓዴው በር ጠፍታ አታውቅም። እሳቸው አጠገቧ ሲቆሙ እጇ ይረጋል፤ ዞር ሲሉ ይንቀጠቀጣል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ፈተናው ደግሞ እንደገና ደረሰ፤ ማክሰኞ ተጀምሮ አርብ ያልቃል። ካሁን ወዲያ ሌላ ዕድል እንደሌላት እኔም እሷም አውቀነዋል።

ከዚያ ማክሰኞ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ የተቀደደ ድንኳን ስጠግን አንድ ሰው መጣ። ይማም እባላለሁ አለኝ። እህል ነጋዴ ነው፤ በዋዜማው ከአገሩ ተነሥቶ ጤፍ በጭነት መኪና ይዞ ገባ። ፕሮፌሰር ቤት አንኳክቶ አጥቷቸዋል፤ መጽሐፍ ሊመልሱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ነበር። ጎረቤት ወደ እኔ መራው።

«የፕሮፌሰር ወዳጅ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምነው፣ ደኅና?»

ባርኔጣውን አወለቀ። መሬት መሬት እያየ፣ «እትዬ ጥሩነሽ ታመዋል። በጠና ነው። አስኔን ጥሩልኝ እያሉ ነው። ቶሎ ይድረስ ብላችሁ ንገሩት» አለኝ።

ባርኔጣው፣ አንገት መድፋቱ፣ «በጠና ነው» ማለቱ። ሞታለች አልኩ በልቤ። ከዚህ ሌላ ምን ይባላል? እኔ እኮ የዚህ ነገር ባለሙያ ነኝ!

«ለኔ ተወው። እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

«አደራ፣ አባቴ።»

«አደራህን ተቀብያለሁ።»

መኪናው እህል በረንዳ እየተራገፈ ስለነበር ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሮጠ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር። «በሕይወት አሉ?» ማለት። ሁለት ቃል። ለምን አልጠየቅሁም? መርዶ ነጋሪ እንደዚያ ፊት ለፊት አይጠየቅም ብዬ ነው? ለብዙ ዓመት ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነበር። ውሸት ነው። «አሉ» ቢለኝ ፕሮፌሰር በዚያው ሰዓት ተነሥተው ይሄዳሉ፣ ልጄ ብቻዋን ትቀራለች። «የሉም» ቢለኝ በማግሥቱ ማርዳት ግዴታዬ ነው፣ ያን ጊዜም ይሄዳሉ። ሳልጠይቅ ብቀር ግን በሁለቱ መካከል መቆም እችላለሁ። ቆምኩ። ከሞተች ሞታለች፣ እስካሁን ተቀብራለች፣ መርዶው ከፈተናው ማግሥት ቢሆን ለእሷ ምን ይጎድልባታል አልኩ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት መርፌዬን ከሸራው ሳላነሣ ነው። ቶሎ ነው ያሰብኩት። ሰው ክፉ ነገር ሲያስብ እንዴት ቶሎ ይሆንለታል?

አርብ ነጋ፤ አልተናገርኩም። ቅዳሜ ነጋ፤ አልተናገርኩም።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ጠሩኝ። በረንዳቸው ላይ ብርቱካን ይልጣሉ፤ ልጣጩን ሳይበጥሱ ከላይ እስከ ታች እንደ ክር ማውረድ ይወዳሉ።

«ወርቁ፣ እታለም ዛሬ በሕልሜ መጣች» አሉኝ። «ልቃቂቷ ወድቆባት አንሣልኝ ትለኛለች። ጎንበስ ስል ይንከባለላል። እከተለዋለሁ፣ ይንከባለላል።»

«ሕልም እኮ ነው፣ ፕሮፌሰር።»

«ነው። ልጆቹ ተፈትነው ሲያበቁ ሄጄ አያታለሁ። ይኸው መነጽር ገዝቼላታለሁ፤ ክሩ አልታይ ብሏታል።» ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። «እስቲ ልካው፤ የእሷ ፊትም እንዳንተ ሰፊ ነው» ብለው እኔው ዓይን ላይ አደረጉት።

በሞተች ሴት መነጽር ውስጥ አየኋቸው። እኔ ሞታለች ብያለሁና። ግማሹን ብርቱካን ሰጡኝ፤ በላሁት።

ረቡዕ ቀን አላስችል አለኝ። እነግራቸዋለሁ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ። ትዕግሥት ከፈተና ተመልሳ ፕሮፌሰር የነገውን ያሠሯታል። እጇ በጠመኔው እንደ ጸሐፊ እጅ ይሄዳል፤ አይንቀጠቀጥም። ቆሜ ቀረሁ።

«ወርቁ፣ ምን ሆነሃል? ፊትህ ልክ አይደለም።»

«ጥርሴን ነው» አልኩ።

ትምህርቱን አቁመው ወደ ቤት ገቡና ቅርንፉድ ይዘውልኝ መጡ። «ነከስ አድርገህ ያዘው፤ ያደነዝዘዋል» አሉኝ። ላልታመመ ጥርሴ ነከስኩት። ዛሬ ድረስ ቅርንፉድ ያለበት ሻይ አልጠጣም፤ ትዕግሥት ሻይ ስታፈላ ለኔ ለብቻ ታፈላለች፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ።

አርብ ከሰዓት ፈተናው አለቀ። ልጄ እየሣቀች መጣች። ከእናቷ ሞት ወዲህ ሥቃ አላየኋትም ነበር። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ አቶ ደምሴንና ሁለት ሽማግሌዎችን ቀሰቀስኩ።

«መቼ ሰማህ?» አለኝ ደምሴ።

«ትናንት ማታ። አንድ እህል ነጋዴ ነው ያመጣው። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ስንት ቀን ቆሞ ነው የደረሰው።»

ይህን ውሸት ማንም አልጠየቀኝም። አዘጋጅቼው ነበር። ሳዘጋጀው የሰው ስም የሚያጠፋ አልመሰለኝም፤ የመኪና ነገር ነው የመሰለኝ።

ጋቢያችንን ለሐዘን አዘቅዝቀን ስንቆም ፕሮፌሰር በሩን ከፈቱ። እኛን አንድ በአንድ አዩን። «እታለም?» አሉ። አንገታችንን ደፋን። ያን ጊዜ በብረት በሩ ላይ ተደግፈው ወደ ታች ተንሸራተቱ፤ የልጄ ሒሳብ ገና አልጠፋም ነበርና ጠመኔው ጋቢያቸው ጀርባ ላይ ታተመ። አራግፌ አነሣኋቸው። መኪና ተፈልጎ በዚያው ጠዋት ሄዱ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። ጸጉራቸውን ተላጭተዋል። በቀጥታ ወደ ዕቃ ቤቱ መጥተው አቀፉኝ፤ ያለቅሳሉ፣ ይሥቃሉ።

«ወርቁ! አንተ ያልሞተ ሰው ትቀብራለህ? በሕይወት አገኘኋት እኮ!»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ቆመው እጃቸውን እያወናጨፉ ይነግሩኛል። ቅዳሜ ማታ ደርሰው ከአቀበቱ ጀምረው «እታለሜ፣ እታለሜ» እያሉ ሙሾ ሲያወርዱ፣ የመንደሩ ሰው ደንግጦ ወጣ። «ማን ሞተ? ምን ሆኑ?» ይላቸዋል። ቤት ሲገቡ ጥሩነሽ አልጋዋ ላይ ናት፣ ዓይኗ ክፍት ነው። ይማም እውነቱን ነበር፤ በጠና ታማ ነበር። በቃ፣ ታማ ነበር።

«አፏ ግን ተይዟል» አሉኝ። «አርብ ጠዋት ነው የተያዘው። እስከዚያ ድረስ ‹አስኔ መጣ?› ትል ነበር አሉኝ። መነጽሩን አደረግኩላት። አየችኝ፣ ወርቁ፣ አየችኝ! ጣቴን ያዘች። ሰኞ አረፈች። እንግዲህ የራሷን ሙሾ ሰምታ የሞተች እታለም ብቻ ናት!»

ሣቁ። ከዚያ «እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። እኔን! «ታማለች ብቻ ብትለኝ ዛሬ ነገ እል ይሆናል። ሞተች ስላልከኝ ነው የበረርኩት። ስሕተትህ ሁለት ቀን ሰጠኝ።» ቀጠል አድርገውም «የዚያ ሰው መኪና ባይበላሽ ኖሮ ድምጿንም እሰማ ነበር» አሉ። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሉት። እኔ ምን አልኩ? «የእግዜር ሥራ ነው» አልኩ። የኔን ሥራ ለእግዜር ሰጠሁት።

ሒሳብ አልችልም፤ ይህችን ግን ሠርቻታለሁ። ሐሙስ ተነገረኝ። ፕሮፌሰር በማግሥቱ ቢነሡ አርብ ማታ ይደርሳሉ። አፏ እስከተያዘበት እስከ ቀጣዩ አርብ ድረስ ስድስት ሙሉ ቀን ከነድምጿ ያገኟት ነበር። ስድስት ቀን «አስኔ» ትላቸው ነበር። እሳቸው ግን ሁለት ዝም ያሉ ቀኖች አግኝተው አመሰገኑኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ የሰፈር ጨዋታ ሆነ። «ወርቁ የለፈፈለት ሰው ይነሣል» ይባላል። የታመመ ሁሉ «ጋሽ ወርቁ፣ ቀደም ብለህ ልፈፍልኝ እንጂ፤ ልዳን» ይለኛል። ከሁሉ በላይ የሚወዱት ፕሮፌሰር ነበሩ፤ እንግዳ ሲመጣ «ወርቁ፣ እስቲ ያቺን ንገራቸው» ይሉኛል። እነግራለሁ። ድምፄን እየቀያየርኩ፣ የመንደሩን ሰው ድንጋጤ እየጨመርኩ እነግራለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት በበደሌ ሰው አሥቅቻለሁ፤ በየጊዜውም አብሬ ሥቄያለሁ።

ትዕግሥትማ አለፈች። ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ታስተምራለች። «እጄን ያረጋልኝ ጋሼ ነው» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ። እውነቷን ነው። ያ እጅ በማን ዋጋ እንደረጋ ግን አታውቅም። አንዲት አሮጊት የወንድሟን ስም እየጠራች በሩን የምታይባቸው ቀኖች ናቸው የልጄ የጥናት ቀኖች።

አሁን ወደ ድንኳኑ ልመለስ። የፕሮፌሰር ሰልስት ዕለት ነው። የተበተነው ዕድርተኛ ሁሉ ከየሄደበት መጥቷል። ካስማውን እኔ ነኝ የመታሁት፤ አንዷን ሆን ብዬ አጣምሜ ተውኳት፣ ለእሳቸው። ደምሴ አሁን በከዘራ ነው የሚሄደው። ሰው ሲጫወት ቆይቶ ከዘራውን አነሣብኝ፤ «ወርቁ፣ እስቲ ያቺን ተናገራት። ነፍሳቸው ትወዳታለች።»

ተናገርኳት። አስከሬናቸው አፈር ከገባ ገና በሦስተኛው ቀን ያንኑ ውሸት፣ ያንኑ የተበላሸ መኪና፣ ከነድምፁ ተናገርኩት። ድንኳኑ እንባውን እየጠረገ ሣቀ።

አንዲት ሴት አልሣቀችም። ዘነበች ትባላለች፤ የጥሩነሽ ልጅ ናት፣ እናቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እሷ ነበረች። ለአጎቷ ልቅሶ ከአገር መጥታለች። በኋላ ልታጠብ ስወጣ ማስታጠቢያውን ይዛ መጣች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይማም እርስዎ ዘንድ የደረሰው መቼ ነበር?»

«ምነው፣ ልጄ?»

«እሱ ሐሙስ ደርሻለሁ፣ በወጣሁ ማግሥት ነው፣ መኪናዬም አልተበላሸም እያለ ይምል ነበር። አጎቴ ለእናቴ አርባ ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸውም ማለ። አጎቴ ግን ‹ወርቁ አይዋሽም› አሉት። ነገሩ እዚያው ላይ አበቃ። እኛም መጠጥ ቤት ከርሞ ነው አልን። ሰላምታ ነሣነው። ሲሞት ቀብሩ አልሄድንም።»

ቀብሩ አልሄድንም። ዕድሜ ልኬን ጡሩምባ የነፋሁት ሰው ያለ ቀባሪ እንዳይቀር ነው። ከወዲያ ማዶ ግን በኔ አንድ ቃል የተነሣ ጎረቤት የጎረቤቱን ሬሳ ሳይሸኝ ቀርቷል። ይማም አደራውን በሰዓቱ ያደረሰ ሰው ነው። እየማለ ሞተ። ፕሮፌሰርስ? እሳቸው ያመኑኝን ያህል ማንም አምኖኝ አያውቅም፤ በዚያ እምነታቸው ሰው ገደልኩ ማለት አይደለም?

ዘነበች ማስታጠቢያውን እንደያዘች ትጠብቀኛለች። እዚያ መናገር ነበረብኝ። አንድ ቃል ነበር።

«ረሳሁት፣ ልጄ» አልኳት። «ዕድሜ ነው።»

«አዎ፣ ዕድሜ» አለች። ውኃውን በእጄ ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችልኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጥ አልቻልኩም። እነሣለሁ፣ እስከ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ደጀ ሰላሙን ስሜ እመለሳለሁ። ቄሱን ከሩቅ አይቼ መንገድ ቀይሬያለሁ። ጡሩምባውን አንድ ሁለት ጊዜ አውርጄ ፌስታሉን ፈታሁት፤ ምን ላደርግበት እንደሆነ አላውቅም። የድሮውን ነገር አባትነት አድርጎኝ ነው ብዬ ልሸፋፍነው እችል ይሆናል። የባለፈውንስ? ልጄ ተፈትና አልፋለች፤ ፕሮፌሰር ሞተዋል፤ የምጠብቀው ማንም የለም። ያን ቀን የዋሸሁት ለማን ነው? ለራሴ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያውም ለልጄ ብቻ እንዳልነበረ አሁን ገባኝ።

ይህን ስጽፍ ትዕግሥት ከጠረጴዛው ማዶ የተማሪ ወረቀት ታርማለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ ስንት ቀን ሙሉ ምንድን ነው የምትጽፈው?»

«ስሕተት» አልኳት።

ሣቅ አለች። «እንግዲህ እንዳታጠፋው» አለችኝ፤ ያው እንደ እሳቸው። መልሳ ወደ ወረቀቷ አጎነበሰች። ይህን ወረቀት ከሁሉ በፊት የማነበው ለእሷ ነው። ከዚያ ወዲያ እንዴት እንደምታየኝ አላውቅም፤ እንደፈለገች ትየኝ።

አርባቸው ሲደርስ ዘነበች ከአገሯ ሰዎች ጋር ትመጣለች። ደምሴም ከዘራውን አንሥቶ «ያቺን ተናገራት» ማለቱ አይቀርም። እናገራታለሁ፤ ከነቀኗ። ደንቡ ነው አልልም። አባት ነኝ አልልም። ሞታለች መስሎኝ ነው አልልም፤ ሳልጠይቅ ቀርቼ እንዲመስለኝ ያደረግኩት እኔው ነኝ። ይቅርታ የምለምናቸው ጥሩነሽ፣ ይማምና ፕሮፌሰር ሦስቱም አፈር ገብተዋል። ያለችው የጠየቀችኝ ሴት ናት፤ እሷም የጠየቀችኝ ይቅርታ አይደለም፣ ቀን ነው።

ዘነበች፣ ልጄ፣ አልረሳሁም። ሐሙስ ነበር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ይማም የማለው እውነት ነው።